ውሮን ለማንም አትስጫት፣ ጥሬ ሥጋውን ግን አርቂልኝ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሆዴ ውስጥ ያለውም ደህና ነው፣ ሌሊት ሌሊት እየተራገጠ አላስተኛ ብሎኛል። ደብዳቤ የምጽፍልሽ በስልክ ስለማንደማመጥ ነው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አንቺም «እሺ እሺ» ብለሽ ወደ ሌላ ወሬ ታልፊያለሽ። ስለዚህ ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ፣ ያልገባሽን ደግሞ ይድገምልሽ።

ለፋሲካ እመጣለሁ ስላልኩ ድመታችንን ውሮን ለሰው ልትሰጫት ነው አሉ። ጎረቤት «ድመት ያለበት ቤት እርጉዝ አትገባም» ብላሽ። አትስጫት እማዬ። ለእርጉዝ የሚፈራው ቶክሶ የሚባለው በሽታ ከድመት ጋር መገናኘቱ እውነት ነው፣ ግን እንደተወራው አይደለም።

ባለፈው የቶክሶ ምርመራዬ ኔጌቲቭ ነው ስልሽ እልል አልሽ፣ ስልኩም ተቋረጠ። ኔጌቲቭ ማለት በሽታው እስከዛሬ ይዞኝ አያውቅም ማለት ነው። ሰውነቴ አያውቀውም፣ መከላከያም አላዘጋጀለትም። እፎይ የምትለው ድሮ ይዟት ያለፋት ሴት ናት። እኔ ነኝ መጠንቀቅ ያለብኝ።

ቶክሶን፣ በሙሉ ስሙ ቶክሶፕላዝሞሲስን፣ የምታመጣው በዓይን የማትታይ ጥገኛ ተሕዋስ ናት። ጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ መያዙን እንኳ አያውቅም። ቢበዛ ጉንፋን ቢጤ ይሰማዋል፣ አንገቱ ሥር ንፍፊት ያብጥና ያልፋል። አንድ ጊዜ ካለፈ በኋላ ሰውነት ይለምዳታል፣ እናት ከማርገዟ በፊት ይዟት ከነበረም የመከላከል አቅሟ በሌላ ሕመም ካልተዳከመ በቀር ለልጇ አይተርፍም ማለት ይቻላል። ክፉው ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝና ላይ ሲይዝ ነው። ያኔ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፋ ጽንሱን ታገኘዋለች።

«እናንተን ሁላችሁን ሳረግዝ ክትፎ እየበላሁ ነው፣ ምን ሆናችሁ?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው። ግን አንቺ ከአፈሩም፣ ከድመቱም፣ ከጥሬ ሥጋውም ጋር ነው ያደግሽው። ምናልባት በልጅነትሽ ይዞሽ ሳታውቂው አልፏል። አገራችን ውስጥ በተለያዩ ከተሞች በተደረጉ ጥናቶች፣ ከተመረመሩት እርጉዞች ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቀድሞ የያዛቸው ሆነው ተገኝተዋል። እኔ ከቀሩት ነኝ።

አሁን ሰባተኛ ወሬ ነው። እናቲቱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከተያዘች ወደ ልጁ የሚያልፈው ከመቶ 10 እስከ 15 አካባቢ ነው፣ ካለፈ ግን ጉዳቱ ይከፋል። ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል፣ ወይ ልጁ ጭንቅላቱ ውስጥ ውኃ ተቋጥሮ፣ አንጎሉና ዓይኑ ተጎድቶ ይወለዳል። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ካልታከመች የማለፍ ዕድሉ ከመቶ 60 በላይ ይደርሳል፣ ልጁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲወለድ ደህና ይመስላል። ይሄ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። ደህና መስሎ ተወልዶ፣ ከዓመታት በኋላ ትምህርት ቤት ገብቶ ወይ ጎርምሶ ዓይኑ ውስጥ ያለው ቁስል የሚነሳበት አለ።

መድኃኒት አለው፣ አትደንግጪ። እናት ስትያዝ ቶሎ ከታወቀ ስፓይራማይሲን ይሰጣታል። ጽንሱ ጋ መድረሱ ከተረጋገጠ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፣ ሕፃኑም ከተወለደ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ይታከማል። ችግሩ ማወቁ ላይ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ምርመራውን በአገር ደረጃ ታደርጋለች፣ እንደ እኔ ኔጌቲቭ የሆነችውንም በየወሩ ደሟን ያያሉ። እኛ ጋ በእርግዝና ክትትል ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስና የደም ማነስ ይታያል፣ ይሄ ግን ከመደበኛው ምርመራ ውስጥ የለም። እኔም ጠይቄ፣ ከፍዬ ነው ያስመረመርኩት። ሁሉም እርጉዝ ይህን ማድረግ አትችልም፣ ያሳዝነኛል።

በነገራችን ላይ ከታች ሰፈር ያለችውን፣ ልጇ ጭንቅላቱ ትልቅ ሆኖ የተወለደባትን ሴት ታስታውሻለሽ አይደል? «ለክፏት ነው»፣ «የሠራችው ኃጢአት ነው» ሲባል ከማኅበሩ ሁሉ ቀረች። ጭንቅላት ውስጥ ውኃ የሚቋጠርበት ምክንያት ብዙ ነው፣ ይህች ተሕዋስ አንዷ ልትሆን ትችላለች፣ ላትሆንም ትችላለች። የእናት ኃጢአት ግን አይደለም። እባክሽ ሂጂና ቡና ጥሪያት። አንቺ ከጠራሻት ሌላውም ዝም ይላል።

ወደ ውሮ ልመለስ። ድመት ተሕዋሷን ከዓይነ ምድሯ ጋር የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘች ሰሞን፣ ቢበዛ ለሦስት ሳምንት ያህል ነው። ውሮ ስንት ዓመት አይጥ ስታሳድድ የኖረች አሮጊት ናት፣ የእሷ ጊዜ ሳያልፍ አይቀርም። ዓይነ ምድሩም ቢሆን በወጣበት ሰዓት አይዝም፣ ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ወንድሜ በየቀኑ ጠርጎ እጁን በሳሙና ከታጠበ በቂ ነው። እኔ አልጠርግም። ጥሬ ሥጋ ብቻ እንዳትወረውሩላት፣ ቀቅላችሁ ስጧት። አዲስ የድመት ግልገልም አሁን አታምጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፋሲካው ቅርጫ። ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። በሬው ግቢ ውስጥ ይታረዳል፣ መደቡ ቅጠል ላይ ይደረደራል፣ አባዬ ከሽንጡ ቆርጦ ሚጥሚጣ እየነከረ ለቆመው ሁሉ ያጎርሳል። «እርጉዝ አምሯት እንዳይቀር» ብሎ ከሁሉም አስቀድሞ ለእኔ። እኔ እምቢ ብለው ይከፋዋል፣ ስለዚህ አንቺ ነሽ ቀድመሽ የምትነግሪው። ተሕዋሷ እንስሳው ሥጋ ውስጥ ተደብቃ ነው የምትቀመጠው። ሥጋው ትኩስ ቢሆን፣ በሬው የሰባ ቢሆን፣ እሷን አያሳይም። ሚጥሚጣ አይገድላትም፣ አረቄም አይገድላትም። እንደ ኮሶም አይደለችም፣ ከበዓሉ በኋላ መድኃኒት ውጠን የምንገላገላት። የሚገድላት እሳት ነው። ውስጡ ምንም ቀይ እስከማይቀረው ድረስ መብሰል አለበት፣ የተፈጨ ሥጋማ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት ይላሉ። ስለዚህ ለብ ለብ ክትፎ አይሆንም። ዱለቱም ይቅርብኝ፣ በግና ፍየል ላይ ደግሞ ከከብት ይበልጥ ትገኛለች። ፍሪዘር ውስጥ ለቀናት በደንብ የበረደ ሥጋ አደጋው ይቀንሳል፣ ግን መብራቱ በየጊዜው እየጠፋ እኔ በእሱ አልተማመንም።

ደግሞ ያ የጨው ነገር። ሥጋው ገና ሳይበስል ከወጡ በጭልፋ ቀድተሽ መዳፌ ላይ ጠብ ታደርጊና «ጨውን እዪልኝ» ትይኛለሽ። ዘንድሮ ሌላ ሰው ይይልሽ። ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያና ቢላም በሙቅ ውኃና በሳሙና ሳይታጠብ ቲማቲምና ቃሪያ አይከተፍበት። ሥጋ የነካ እጅም እንደዚያው።

ጓሮሽን የሰፈሩ ድመት ሁሉ ነው የሚመላለስበት። ተሕዋሷ እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ትቆያለች፣ ስለዚህ እኔ አልኮተኩትም፣ ጥሬ ሰላጣም አልበላም። አቼቶና ሎሚ አይገድሏትም፣ በረኪናም ቢሆን። ቃሪያና ቲማቲሙን በብዙ ውኃ እጠቢልኝ፣ ጎመኑ በደንብ ይብሰል። ጀሪካን ውስጥ የቆየውን ውኃ ደግሞ አፍልተሽ አቀዝቅዢልኝ። ውኃ ስንት ቀን ተጠብቆ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ እንደሚያስቸግርሽም ይገባኛል። ግን ለሁለት ወር ነው።

ከመምጣቴ በፊት ሐኪሟ እንደገና ደሜን ታየዋለች፣ ውጤቱን እደውልልሻለሁ። እኔ ደግሞ ያማረኝ ሌላ ነው፤ ዶሮ ወጥሽ። እሱ ሲንተከተክ ስለሚውል ምንም ሐሳብ የለውም። ጥብስም ከተሠራ ድርቅ ያለ ይሁንልኝ። ለአባዬ ዛሬውኑ ንገሪው፣ የቅርጫው ቀን ደርሶ ቢላ ከያዘ በኋላ እንዳይሆን።

ልጅሽ