«ለቤተሰብ የሚመች» ተብሎ ስለተሸጠልን የዘጌ የእግር ጉዞ የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ።

በኅዳር ወር ከአዲስ አበባ መጥተን በእናንተ በኩል ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው ወደ ዘጌ የተጓዝን ቤተሰብ ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴ፣ የ9 ዓመት ወንድ ልጃችንና የ5 ዓመት ሴት ልጃችን። በስልክ ላነጋገረችኝ ሠራተኛችሁ ይህን ሁሉ ነግሬያታለሁ። እናቴ ጉልበቷን እንደሚያማትም ነግሬያታለሁ። «ምንም አታስቡ፣ ለቤተሰብ የሚመች ጉዞ ነው፣ ሕፃን ልጅ ሁሉ ይሄደዋል» ተባልኩ። ቀብዱን በቴሌብር የላክሁት ይህን አምኜ ነው።

«ለቤተሰብ» ብሎ ጉዞ የሚሸጥ ሰው መንገዱን በትንሿ ልጅና በአያቷ እግር ለክቶ ነው መሸጥ ያለበት። እናንተ አልለካችሁም። ቅሬታዬ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ጀልባው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይነሳል ተብለን በጊዜ ወደቡ ላይ ተገኝተናል። የተነሳነው 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። አስጎብኚያችሁ ሌሎች ደንበኞችን ይጠብቅ ነበር። እኛ ደግሞ የከፈልነው ለብቻችን ለኮንትራት ጀልባ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ማርፈድ ይታለፋል። ጣና ላይ ግን ማርፈድ አደጋ አለው። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ንፋስ ሲያገኘው ቶሎ ይናወጣል፤ ማዕበሉም አጫጭርና ተከታታይ ነው። ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ባለጀልባው ራሱ «በጊዜ መውጣት ነበረብን» እያለ ነበር።

ስለ ላይፍ ጃኬት አስቀድሜ ጠይቄ ነበር። የልጆች አለ ወይ አልኩ፣ አለ ተባልኩ። ጀልባው ላይ የነበሩት ሁሉ የአዋቂ ናቸው። ሴት ልጄን ስናለብሳት የጃኬቱ ትከሻ ከጆሮዋ በላይ ወጣ። ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው ስበን እንኳ በደረቷና በጃኬቱ መካከል ሁለት እጄ ይገባል። በእግሮቿ መካከል አልፎ ወደ ታች የሚይዘው ማሰሪያም የለውም። ይህ ልጅ ውሃ ውስጥ ብትወድቅ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ እሷ ከሥሩ ሾልካ ትቀራለች። ባለጀልባው አዝኖ የራሱን ፎጣ አምጥቶ በጃኬቱ ላይ ወገቧን አሰረልን። እግዚአብሔር ይስጠው። እሱ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ግን የልጄ ሕይወት በፎጣ ቋጠሮ ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም።

መጀመሪያ የቆምነው ክብራን ገብርኤል ነው። ክብራን ሴት የማይገባበት ገዳም ነው። ሥርዓቱ የቆየ ነው፣ እኛም እናከብረዋለን። ያሳዘነኝ የእናንተ መልስ ነው። ሴቶች የማይገቡበት ካለ ንገሩኝ ብዬ ስጠይቅ «ሁሉም ጋ ትገባላችሁ» ነበር ያላችሁኝ። ባለቤቴና ወንዱ ልጄ ወርደው ሲሄዱ እኛ ሦስታችን ፀሐይ ላይ ጀልባው ውስጥ ቀረን። እናቴ ከቤቷ የወጣችው ልትሳለም ነው። ነጠላዋን አስተካክላ እዚያው ጀልባው ላይ ቆማ ተሳለመች። አጠገቡ እንጦስ ኢየሱስ ገዳም አለ፤ ሴትም ይገባበታል። ወንዶቹን ክብራን አውርዶ እኛን እንጦስ ማድረስ ለባለጀልባው ምንም ማለት አልነበረም። አስጎብኚያችሁን ብጠይቀው «ፕሮግራሙ ላይ የለም» አለኝ።

ወደ ዋናው ወደ እግር ጉዞው ልምጣ። ቃል የተገባልን ጀልባው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ወደብ አውርዶን፣ ከዚያ በቡናው ጥላ ሥር ቀስ እያልን እንደምንወጣ ነው። ያ መንገድ አጭር ነው፤ ልጅም አዛውንትም ይሄደዋል። ያወረዱን ግን ዘጌ ከተማ በኩል ነው። ጀልባው ሌሎቹን ደንበኞች ሊያመጣ መመለስ ስለነበረበት ነው። ከዚያ ተነስቶ ኡራ ድረስ መሄድ ለጤነኛ ጎልማሳ ደስ የሚል የእግር ጉዞ ነው። ጉልበቷን ለሚያማት ሴትና ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ፈተና ነው። መንገዱ ይወጣል፣ ይወርዳል። የዛፍ ሥር ያደናቅፋል፣ ልቅ ድንጋይ ከእግር ሥር ይሸሻል።

አስጎብኚያችሁ ስልኩን እየነካካ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ራቅ ብሎ ቁጭ ይልና ይጠብቀናል። እኛ ስንደርስ ይነሳል። ከልጅና ከአዛውንት ጋር የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ እንዲህ ሲሆን ከፊት ያለው ደጋግሞ ያርፋል፣ ከኋላ ያለው ጨርሶ አያርፍም። መምራት የነበረበት ከእናቴ ጎን ሆኖ ነው። «እማማ አይዞዎት፣ ደርሰናል» ይላታል፤ አልደረስንም። ባለቤቴ ትንሿን ትከሻው ላይ አደረጋት። እናቴ የእኔን ክንድ ይዛ፣ ቁልቁለቱን በጎን በጎን እየረገጠች ወረደችው። ማታ ጉልበቷ አብጦ አደረ።

ዘጌን ራሱን አልወቅስም። ለልጆች ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ጥላ አለው፣ ጦጣ አለው፣ ቡናው በየመንገዱ ዳር ቀልቶ ነበር። ወንዱ ልጄ አንድ የቀላ ፍሬ ጨመቅ ሲያደርገው ሁለቱ የቡና ፍሬዎች እያዳለጡ ከጣቱ አመለጡት። ልጣጩን ቀመሰና «እማዬ፣ ቡና ይጣፍጣል እንዴ?» አለኝ። በየቤቱ ሲጠጣ ብቻ ለሚያየው የከተማ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እዚያ ቆም ብሎ ስለ ቡናው ሁለት ቃል መናገር አስጎብኚውን ምን ያስወጣው ነበር? ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው ዘጌ ላይ ማረስና ከብት ማርባት በልማድ የተከለከለ ስለነበር መሆኑን የነገሩን፣ ቡና አስጥተው ደጃፋቸው ላይ ያገኘናቸው አንድ አባት ናቸው። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት (ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ሥፍራ ብሎ) መመዝገቡን ማስታወቂያችሁ ላይ በትልቁ ጽፋችኋል። መንገድ ላይ ግን ስለዚህ አንድ ቃል የተናገረ የለም።

ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ደግሞ ጥድፊያ ሆነ። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሞላ ነው። እናቴ ልጆቹን ይዛ የበላዔ ሰብእ (የሰው በላው) ሥዕል ጋ ቆመች። በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ እንዴት እንደዳነ ልትነግራቸው ስትጀምር አስጎብኚው «ቶሎ በሉ፣ ንፋስ ይነሳል» አለ። ጠዋት ያረፈደው እሱ ነው። ትንሿ ታሪኩን ሰምታ «እኔም ውሃ» አለች። ከዋጋው ውስጥ የታሸገ ውሃ አለበት ብላችሁን ነበር። ለአምስት ሰው የተሰጠን ባለ ግማሽ ሊትር ሁለት ላስቲክ ነው፤ እሱም ከመንገዱ አጋማሽ አላለፈም።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝን ልንገራችሁ። ሐይቁ ዳር ሆነን ምሳ ስንበላ አስጎብኚያችሁ ወንዱን ልጄን «ግባ፣ ተንቦጫረቅ፣ ችግር የለውም» አለው። ልጄ ጫማውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ገባ። ጣና ዳር ብልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ እንዳለ የታወቀ ነው። ትሉ የሚኖረው ዳር ዳር፣ ሣርና ቀንድ አውጣ ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው፤ በቆዳ በኩል ይገባል። መጠጣት አያስፈልገውም፣ መቆም ይበቃል። ባለቤቴ ሮጦ አወጣው፣ በነጠላ አደራርቀን ጠረግነው። ሐኪም ጋ ስንሄድ ምርመራው ወዲያው እንደማያሳይ፣ ሳምንታት ቆይቶ በሰገራ እንደሚታይ ነገረን። መድኃኒት አለው፣ ይድናል። እስከዚያ ግን እኔ እንቅልፍ የለኝም። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ አስጎብኚ ይህን አያውቅም ብዬ ማመን ይከብደኛል።

ስንመለስ የፈራነው ደረሰ። ንፋሱ ተነስቶ ነበር። ውሃው ከጀልባው ጎን እየዘለለ ልጆቹን አረጠባቸው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ውዳሴ ማርያም ትደግም ነበር። ባለጀልባው በብልሃት ማዕበሉን በጀልባው አፍንጫ እየተቀበለ አደረሰን። እሱ ባይሆን ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አልፈልግም።

በማግስቱ ቢሯችሁ ደውዬ ይህን ሁሉ ተናግሬያለሁ። «ልጆች እኮ ይለምዱታል፤ የልጅ ጃኬት ደግሞ እዚህ ማንም የለውም» ተባልኩ። ማንም ከሌለው ለምን አለ አላችሁኝ?

አሁን የምጠይቀው ይህ ነው። ኮንትራት ጀልባ አልሰጣችሁንም፣ በተባለው መንገድም አልወሰዳችሁንም፤ ስለዚህ ከከፈልነው ግማሹ ይመለስልን። የልጄን የምርመራ ወጪም ክፈሉ። ለሚቀጥለው ቤተሰብ ስል ደግሞ፣ የልጆች ላይፍ ጃኬት በየልካቸው እስክትገዙ ድረስ ከማስታወቂያችሁ ላይ «ለቤተሰብ» የሚለውን አንሡ። ገዳማቱን ስትዘረዝሩ ሴት የሚገባበትንና የማይገባበትን ለይታችሁ ጻፉ። ልጅና አዛውንት ያለበት ጉዞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ካለፈ አይነሳ። አስጎብኚዎቻችሁ ልጅ ወደ ውሃው እንዳያስገቡ በግልጽ ይነገራቸው፤ ከኋላ ካለው ሰው ጋር መሄድም ይልመዱ። ባለጀልባውን ደግሞ አመስግኑልኝ።

መልሳችሁን በሁለት ሳምንት ውስጥ እጠብቃለሁ። ካልመለሳችሁልኝ ይህንኑ ደብዳቤ ለሚመለከተው የቱሪዝም መሥሪያ ቤት አስገባለሁ። የከፈልኩበት ደረሰኝ፣ ከሠራተኛችሁ ጋር በቴሌግራም የተጻጻፍነውና ልጄ ጃኬቱን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ አብሮ ተያይዟል። ስልኬ እናንተ ዘንድ አለ።

ከሰላምታ ጋር
በኅዳር ወር ወደ ዘጌ የተጓዘው ቤተሰብ እናት