የሙዚቃ ማዳመጥ ክበብ፦ በኢርፎን ያለፈ ዓመት

መስከረም ላይ ከሚኒ ሚዲያ ትልቁን ስፒከር ተውሰን ሉት የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያ ሙዚቃ ከፈትን። ሜዳው ላይ ኳስ ነበር። ከሙዚቃው ይልቅ የስፒከሩ «ዝዝዝ» ነው የተሰማው። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ጀመረ እንዴ?» አለኝ። ከጀመረ ሦስት ደቂቃ ሆኖታል።

ከዚያ ወዲያ በኢርፎን ሆነ፤ አንዱን ለሁለት።

ሉት የዓረቦቹ ኡድ አውሮፓ ገብቶ የወለደው መሣሪያ ነው፤ ስሙም ከዚያው ነው። እኛ የያዝነው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ውስጥ የነበረውን ነው። 24 አውታር በ13 ረድፍ አለው፤ ሁለቱ ለየብቻ፣ የቀሩት ጥንድ ጥንድ። በገና የሚማረው ልጃችን «እኔ አሥሩን መቃኘት አቅቶኛል!» ብሎ ራሱን ያዘ። አውታሩም ልክ እንደ በገና ከአንጀት ነበር የሚሠራው። በዘመኑ ማተሶን የሚባል የሐምቡርግ ሰው፣ 80 ዓመት የኖረ ሉተኛ 60ውን የጨረሰው በመቃኘት ነው ብሎ ቀልዷል። አሁን ክበባችን ውስጥ ክራሩን ሲቃኝ የቆየ ሁሉ «ስንት ዓመትህ ነው?» ይባላል።

ዓመቱን የበላው ሲልቪየስ ሊዮፖልድ ቫይስ ነው። ከ1718 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጀርመን ውስጥ የድሬስደን ቤተ መንግሥት ሉተኛ ነበር። የሞተው በ1750 ነው፣ ታዋቂው የሙዚቃ ደራሲ ባኽ በሞተበት ዓመት። የባኽን ስም ብዙ ሰው ሰምቷል፤ የቫይስን ግን እኔ ራሴ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሥራዎቹ በአብዛኛው በእጅ ጽሑፍ ነው የቀሩት፤ ያውም በኖታ ሳይሆን የትኛው አውታር የቱ ጋ እንደሚጫን በሚያሳዩ ፊደላት። ሉት ለማይጫወት ሰው እንቆቅልሽ ነው። ሉተኛው ሮበርት ባርቶ ናክሶስ ለሚባል የሙዚቃ አሳታሚ 11 ዲስክ ሙሉ ቀርጾለታል። እኛ አራተኛው ላይ ደርሰናል።

በ1722 አንድ ቫዮሊን ተጫዋች የቫይስን አውራ ጣት ነክሶ ሊቆርጠው ነበር። ይህን የነገርኳቸው ቀን ሌላ ትምህርት አልተካሄደም።

ስዊድናዊው ሉተኛ ያኮብ ሊንድበርግ ደግሞ በ1590 ገደማ አውግስቡርግ ውስጥ በተሠራ ሉት ነው ቫይስን የቀረጸው። የፋሲል ግንብ ከመሠራቱ በፊት ማለት ነው። ልጆቹ ዓመቱን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

የካቲት ላይ አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ግቢው ጭር አለ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቫይስ በ1721 ለሞተው ለፕራጉ ሉተኛ ለኮንት ሎዚ የደረሰውን ሙሾ ከፈትኩ። ያለ ኢርፎን፣ ያለ ስፒከር። ሁሉም ጭንቅላቱን ወደ ስልኩ ደፋ። ወፍራሞቹ አውታሮች ሲመቱ ጠረጴዛው ራሱ ይሰማ ነበር። ሲያልቅ አንዷ «ቲቸር፣ ቃል የለውም እኮ። አልቃሿ ማናት?» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ መልሼ ከፈትኩት። ባትሪዬ 9 በመቶ ነበር።

ለ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ያዋስነው ጥቁር ኢርፎን እስካሁን አልተመለሰም። ይህን ካነበብክ ቤተ መጻሕፍት ተውልን።