ሴት ኢንጂነሮች ሳይት ላይ ቦታ ይኑረን

ለከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ሲቪል ኢንጂነር ነኝ። ተመርቄ ሥራ ስጀምር የመጀመሪያው አለቃዬ «ሳይት ይከብድሻል፣ ቢሮ ሁኚ» አለኝ። ለክፋት አልነበረም፤ እንደ እህቱ አስቦልኝ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል የክፍያ ሰርተፊኬት ስሠራ ከረምኩ። አብረውኝ የተቀጠሩት ልጆች ግን አርማታ ሲሞላ ቆመው አዩ፣ ከፎርማን ጋር ተጨቃጨቁ፣ ተሳስተው ታረሙ። በኋላ የፕሮጀክት ኃላፊ ሲፈለግ መስፈርቱ «የሳይት ልምድ» ሆነ። እኔ ከየት ላምጣው?

ያኔ ደጋግሜ የማስበው ኢንጂነር አዜብ አስናቀን ነበር። አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ዋና ሥራ አስፈፃሚ ሆነው ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ከዚያ በፊት የነበሩበት ቦታ ነው። የግልገል ጊቤ ሦስት ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ።

ያ ሥራ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በወላይታና በዳውሮ መካከል፣ ኦሞ ወንዝ ላይ፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ነው። የተሠራው በሮለር በሚጠቀጠቅ አርማታ ነው። ውኃው ያነሰ፣ ደረቅ ያለ አርማታ በስሱ ይነጠፋል፣ ሮለር ይሄድበታል፣ ከላዩ ሌላ ይደረባል። የታችኛው ሳይጠነክር የላይኛው መድረስ አለበት፤ ከዘገየ መጋጠሚያው በደንብ አይያያዝም። እዚህ ላይ ሲሚንቶ ቢዘገይ ወይም ማሽን ቢበላሽ የሚጠየቀው ሥራ አስኪያጁ ነው። 10 ተርባይኖች፣ 1,870 ሜጋ ዋት። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ኢንጂነር አዜብ ተቋሙን በዋና ሥራ አስፈፃሚነት ይመሩ ነበር። ግድቡ በታችኛው ኦሞ ነዋሪዎችና በቱርካና ሐይቅ ላይ ስለሚያመጣው ጫና ብርቱ ክርክር ነበር፤ ከባድ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመጣበት ወንበር ላይ ግድቡ ሲሠራ የነበረ ሰው መቀመጡ ትልቅ ነገር ነው እላለሁ።

በአሜሪካም የጄኔራል ሞተርስ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ሜሪ ባራ የጀመረችው በ18 ዓመቷ፣ ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ኮፈን እየፈተሸች ነው። ኋላ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ መርታለች። በፈረንጆቹ 2014 ኩባንያውን ስትረከብ የመገጣጠሚያውን መስመር ታውቀው ነበር።

እኔም በስንት ልመና ሳይት ወጣሁ። የጠበቀኝ ችግር ግን የሥራው ክብደት አልነበረም። ሽንት ቤት አልነበረም። ለወንዶቹ አንድ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ በር የሌለው። እኔ ጠዋት ውኃ መጠጣት አቆምኩ። እኩለ ቀን ላይ ሄልሜቴን አውልቄ፣ መንገድ ተሻግሬ፣ ቡና የምታፈላ እናት ቤት እሄድ ነበር። አንድም ቀን ፊቷ ጠቁሮብኝ አያውቅም፤ እግዜር ይስጣት። አብራኝ የነበረችው ልጅ ግን ኩላሊቷን አሟት ሥራውን ተወችው። ጎበዝ ነበረች። ስላምፕ፣ ማለትም የአርማታውን ቅጥነትና ውፍረት፣ ስትለካ እጇ አይንቀጠቀጥም። ዛሬ ሌላ ሙያ ላይ ናት።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይኼን ነው። በመንግሥት ገንዘብ ለሚሠራ ማንኛውም ግንባታ፣ የሴቶች ሽንት ቤትና ካምፕ ባለበት የሴቶች መኝታ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ዋጋ ወጥቶለት ይግባ። ካልተሠራ አይከፈል። ተቋራጩ በየወሩ በሚያቀርበው ሪፖርት ላይም ስንት ሴት ኢንጂነር ሳይት ላይ እንዳለች ይጻፍ። ቢሮ ያለችው አትቆጠር። አማካሪ መሐንዲሱ የብረቱን ዲያሜትር እንደሚያረጋግጠው ይኼንንም ያረጋግጥ። ገንዘቡ ከጠቅላላው ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው።

አሁን የምመራው ሳይት ላይ ራሴ አሠርቻለሁ። ጥቂት ቆርቆሮ፣ አንድ አናጢ፣ ሁለት ቀን። በር አለው፣ ቁልፍ አለው። በዚህ ሳምንት አንዲት ተለማማጅ ተማሪ መጥታለች። ገና ከመድረሷ ያሳየኋት ግንባታውን ሳይሆን ቁልፉ የተሰቀለበትን ምስማር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሳይት ኢንጂነር