ከፍተኛ ችሎታና ኦቲዝም በአንድነት ያላት ተማሪ የት ትማር?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የአዲሱ የትምህርት ዘመን ምዝገባ በሚካሄድባቸው በእነዚህ ሳምንታት ለልጃቸው ተስማሚ ትምህርት ቤት ፍለጋ ከሚዞሩት ወላጆች አንዱ ነኝ። ልጄ የ15 ዓመት ልጅ ስትሆን የስምንተኛ ክፍልን ፈተና በከፍተኛ ውጤት አልፋ ዘንድሮ ዘጠነኛን ጨርሳለች። ኦቲዝም እንዳላትም በሐኪም ተረጋግጧል። እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ሲነገሩ የሚሰማ ርዕሰ መምህር አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ያምናል፤ ወይ ውጤቷን አይቶ ኦቲዝሙን ይጠራጠራል፣ ወይ ኦቲዝም ሲባል ሰምቶ ውጤቷን ማየት ያቆማል። ለዚህ ደብዳቤ ያነሣሣኝ ሁለቱንም በአንድነት የሚቀበል የትምህርት ቤት ምደባ በአገራችን ሊኖር እንደሚገባና ሊኖርም እንደሚችል ማመኔ ነው።

ኦቲዝም ከልጅነት የሚጀምርና ዕድሜ ልክ የሚቆይ፣ ሰው ከሰው ጋር የሚግባባበትን መንገድ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃንና ለንክኪ ያለውን ስሜት፣ ለለውጥም ያለውን ትዕግሥት የሚነካ የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ ነው። በመረዳት ችሎታ ረገድ ግን ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች እጅግ ይለያያሉ፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው አሉ፣ እንደ ማንኛውም ልጅ የሚማሩ አሉ፣ እኩዮቻቸውን ትተው ርቀው የሚሄዱም አሉ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ቀድሞ አስፐርገር ሲንድሮም ይባል የነበረውን ጨምሮ እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ስለጠቀለላቸው፣ የሐኪሙ ወረቀት ብቻውን ልጁ ምን ያህል መማር እንደሚችል አይናገርም። ትምህርት ቤቶች ግን ወረቀቱን አይተው የሚወስኑት ልክ እንደሚናገር አድርገው ነው።

በሴቶች ልጆች ላይ ነገሩ ይበልጥ ይሸፈናል። ታላላቆች ፊት ዐይኗን ሰበር የምታደርግ፣ ካልተጠየቀች የማትናገር ልጅ በእኛ ዘንድ ጨዋ ተብላ ትመሰገናለች፤ ልጄም ለዓመታት የተመሰገነችው በዚሁ ሲሆን በካርዷ ላይ የጸባይ ውጤቷ ሁልጊዜ «ኤ» ነበር። ችግሩ ጎልቶ የወጣው ሰባተኛ ክፍል ገብታ በየክፍለ ጊዜው የሚቀያየሩ ብዙ መምህራን ሲገጥሟት ነው። ምሳዋን ሳትቀምስ መመለስ፣ ጆሮዋን ይዛ መቀመጥ፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እስከ ማታ ድረስ አለመናገር ጀመረች። ሐኪም ዘንድ የወሰድናትም ያኔ ነው። በየክፍሉ እንዲህ ተመስግነው የታለፉ ሴት ልጆች ብዙ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ እሰጋለሁ።

ስለ ችሎታዋ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከአያቷ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫ የሆነውን ባሕረ ሐሳብ በአንድ ክረምት ተምራ፣ ዓመተ ዓለሙን (ከፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረውን ዓመት) ለ19 ገድፋ፣ ማለትም አካፍላ፣ ከተረፈው አንድ በመቀነስ ወንበሩን፣ ወንበሩንም በ11 አባዝታ ለ30 በመግደፍ አበቅቴውን በቃሏ እያወጣች የፈለጋችሁትን ዓመት ጾመ ነነዌና ፋሲካ ትነግራችኋለች። ይህ የማስታወስ ጉዳይ ነው የሚሉኝ መምህራን አሉ። እርሷ ግን በ11 የሚባዛው ለምን እንደሆነ ጠይቃ፣ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚበልጥ መሆኑን ማንም ሳይነግራት ራሷ ደርሳበታለች፤ አሁን የምትሠራውም የ12ኛ ክፍልን የሒሳብ መጽሐፍ ነው። ይህችው ልጅ መምህሩ «ቆየት ብለሽ አምጪው» ካላት ስንት ደቂቃ መቆየት እንዳለባት ስለማይገባት ሥራዋን ሳታስረክብ ትቀራለች። የጠዋቱ ሰልፍ ላይ የድምፅ ማጉያው ሲጮኽ ትንቀጠቀጣለች፤ የቡድን ሥራ ሲሰጥ ደግሞ የሁሉንም ድርሻ ብቻዋን ሠርታ ከማንም ጋር ሳትነጋገር ትመለሳለች።

ለእንዲህ ዓይነት ልጅ በአገራችን ክፍት የሆነው በር የትኛው ነው? በአንድ በኩል በ2013 ዓ.ም. በሞት የተለዩን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ያቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልና እንደ ነህምያ ያሉ የኦቲዝም ማዕከላት አሉ። ኦቲዝም እንደ እርግማን ተቆጥሮ ልጆች በየጓዳው ይደበቁ በነበረበት ጊዜ እነዚህ ሰዎች በአደባባይ ስለ ልጆቻችን ባይናገሩ ኖሮ እኔም ዛሬ ለመጻፍ ድፍረት አላገኝም ነበር። ሆኖም የማዕከላቱ ዋና ሥራ መግባባትንና የዕለት ተዕለት ኑሮ ክህሎትን ማስተማር ነው፤ ቦታቸውም ከእነርሱ ውጪ ምንም አማራጭ ለሌላቸው ልጆች እንኳ አይበቃም። በሌላ በኩል በመቐለ እንደ ቃላሚኖ፣ በአዳማ እንደ ኦሮሚያ ልማት ማኅበር ትምህርት ቤት ያሉ፣ በውጤታቸው ላቅ ያሉ ተማሪዎችን በፈተና መርጠው በአዳሪነት ሲያስተምሩ የቆዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ፈተናውን ልታልፍ ትችላለች። ከብዙ ልጆች ጋር በአንድ መኝታ ክፍል ማደርና በተጨናነቀ አዳራሽ መመገብ ግን ለእርሷ ከፈተናው ሁሉ የሚከብድ ነው። እንግዲህ አንደኛው በር ችግሯን አይቶ የተሠራ ነው፣ ሁለተኛው ችሎታዋን፤ ሁለቱን ይዛ የምትገባበት የለም።

ስማቸውን ከማልጠቅሳቸው ትምህርት ቤቶች ያገኘሁት ምላሽም ይህንኑ ያሳያል። አንዱ የግል ትምህርት ቤት በመግቢያ ፈተና ውጤቷ ተደስቶ ከተቀበላት በኋላ የሐኪሙን ማስረጃ ሲያይ ሌሎች ወላጆች ቅር ሊላቸው ይችላል በማለት ሐሳቡን ለወጠ። ሌላው ከክፍያው በተጨማሪ ሻዶው ቲቸር የሚባለውን ረዳት በራሴ ወጪ እንድቀጥር ጠየቀኝ፤ እርሷ ግን አጠገቧ ሰው እንዲቀመጥ አትፈልግም፣ አያስፈልጋትምም። ሦስተኛው ፊደል በመቁጠር ላይ ካሉ ሕፃናት ጋር በልዩ ክፍል ሊያስቀምጣት አሰበ። ባነጋገርኳቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያሉት የልዩ ፍላጎት መምህራን ቅን ሰዎች ናቸው፤ የሠለጠኑት ግን በምልክት ቋንቋና በብሬል ነው፣ የክፍሉም ተማሪ ብዛት 60 ይደርሳል። እነርሱን ልወቅስ አልችልም።

ሕጉ ግን ከዚህ የተሻለ ይላል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረትም የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ሰው በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል ይከለክላል፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ እንደ ፍላጎቱ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግለትም ያዛል። በዚሁ አንቀጽ ብዙዎች የማያስተውሉት ቃልም ሰፍሯል፤ የትምህርት ግብ የአካል ጉዳተኞችን ተሰጥኦና የፈጠራ ችሎታ አቅማቸው እስከሚፈቅደው ድረስ ማሳደግ እንደሆነ ይገልጻል። አካቶ ትምህርት ልጁን ክፍል ውስጥ አስገብቶ በር መዝጋት ተደርጎ የሚተረጎምበት አሠራር ከዚህ ጋር አይጣጣምም።

ለመሆኑ ተስማሚ ትምህርት ቤት ምን ዓይነት ነው? በማትሪክ ውጤቱ ስሙ የገነነ ትምህርት ቤት ይሻላል ብለው የሚመክሩኝ ወዳጆች ብዙ ናቸው። እኔ ግን የተማሪዎች ደረጃ በየወሩ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍበት፣ ቅዳሜም ማጠናከሪያ የሚሰጥበት፣ ሁሉም ነገር በጥድፊያ የሚሄድበት ቤት ልጄን በአንድ ወሰነ ትምህርት ይሰብራታል ብዬ እፈራለሁ። ጭንቀቷን ለመቀነስ ተብሎ ትምህርቱ ቀለል ያለበት ቦታ ማስገባትም መፍትሔ አይሆንም፤ የምታውቀውን ነገር ለ40 ደቂቃ እንድታዳምጥ ስትገደድ ትነሣለች፣ ትወጣለች፣ ጠረጴዛ ትመታለች፣ ይህም በመዝገቧ ላይ የኦቲዝሟ ባሕርይ ተብሎ ይጻፋል። ሒሳቡን ከፍ ባለ ክፍል በምትማርባቸው ጊዜያት ይህ ሁሉ አይታይም። ከመሰልቸት የመጣውን ከሕመም የመጣ አድርጎ መመዝገብ ለልጁም ለመምህሩም በደል ነው፤ በዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው በተሳሳተ መዝገብ የተነሣ ልጆች ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ሲወድቁ ስላየሁ ነው።

ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት ስገባ የምመለከተው ሌላ ነገር ነው። መምህራን ትእዛዝን በቃል ብቻ ሳይሆን በሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ? ተማሪው ሲጨነቅ ሳይቀጣ የሚቀመጥበት ጸጥ ያለ ጥግ፣ ቤተ መጻሕፍትም ቢሆን፣ ይገኛል? የፕሮግራም ለውጥ ሲኖር ከአንድ ቀን በፊት ይነገራል? የሚያሾፍ ተማሪ ምን ይደረጋል? በሒሳብ 11ኛ ክፍል ገብታ በቀሪው ከእኩዮቿ ጋር እንድትማር የሚፈቅድ ዩኒት ሊደር አለ? ከእነዚህ አብዛኞቹ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። ከሁሉም በላይ የምፈልገው ደግሞ ጥያቄዋን የማይሸሽ፣ የማያውቀውን አላውቀውም የሚል አንድ መምህር ነው።

የአንድ መምህር ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የቴምፕል ግራንዲን ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1947 የተወለደችው ይህች ኦቲዝም ያላት አሜሪካዊት ሦስት ዓመት ተኩል እስኪሆናት ድረስ አፏን ያልፈታች ስትሆን፣ በጉርምስናዋ የሰደበቻትን ተማሪ በመጽሐፍ ወርውራ በመምታቷ ከትምህርት ቤት ተባርራለች። ቀጥላ የገባችው ችሎታ እያላቸው በመደበኛው ትምህርት ቤት መቆየት ላልቻሉ ልጆች የተቋቋመ፣ ፈረሶችና እርሻ ያሉት፣ ተማሪው ጥቂት የሆነ ቤት ነበር። በዚያም የሳይንስ መምህሯ ዊልያም ካርሎክ ሌሎች እንደ እብደት ያዩትን ከብትን አጥብቆ ለሚይዝ ማሽን ያላትን ጉጉት ሳይነቅፍ ወደ ምርምር መራው። ዛሬ በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ናት። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ያባረራትና ሁለተኛው የተቀበላት ያችው አንዲት ልጅ ናት።

ከባሕር ማዶ ብቻ ምሳሌ መፈለግ አይገባኝም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የተማሪው ቦታ በዕድሜው አይወሰንም፤ ንባቡን የጨረሰ ወደ ዜማ፣ ዜማውን የዘለቀ ወደ ቅኔ ይሸጋገራል፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅም ከጎልማሳ ጋር በአንድ ጉባኤ ይቀመጣል። የኔታ እያንዳንዱን ተማሪ የት እንደደረሰ ለይተው ያውቃሉ። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ለልጄ የሚከብዱ ነገሮች መኖራቸው አይካድም፤ ችሎታን ከዕድሜ ነጥሎ የመመደብ አሠራር ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑን ግን ልብ ይሏል።

በሜሪላንድ የምትኖር እህቴ ልጅዋን ስታስመዘግብ የተጠራችበት ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ቀርቦላት፣ ልጁ በዓመቱ የሚደርስበት ግብና የሚያገኘው ድጋፍ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ነው ፈርማ የወጣችው። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የቆየ፣ በ1990 ኦቲዝምን በስም ጠቅሶ የጨመረ የአሜሪካ ሕግ ይህን ስለሚያስገድድ ነው። እዚያም ወላጆች ከትምህርት ቤት ጋር ይከራከራሉ፤ ልዩነቱ በእጃቸው የተፈረመ ዕቅድ ይዘው መከራከራቸው ነው። የእኛም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያዎች የግለሰብ የትምህርት ዕቅድን በሥልጠናቸው ያውቁታል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን ሲዘጋጅ አላየሁም።

ከአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ የምጠይቀው በየክፍለ ከተማው ኦቲዝም ላላቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሥልጠና ያገኙ መምህራን ያሉባቸውን ትምህርት ቤቶች ለይቶ ከምዝገባ በፊት እንዲያሳውቅ፣ የመግቢያ ፈተናውን ያለፈ ልጅ በምርመራ ማስረጃው ምክንያት ብቻ ሲመለስ አቤቱታ ተቀብሎ በጽሑፍ የሚወስን ክፍል እንዲኖረውና አንድ ተማሪ በአንድ የትምህርት ዓይነት ከፍ ወዳለ ክፍል ገብቶ እንዲማር የሚፈቅድ መመሪያ እንዲያወጣ ነው። የኋለኛው ኦቲዝም የሌላቸውን ጎበዝ ተማሪዎችም ይጠቅማል።

ከትምህርት ሚኒስቴር የምጠይቀው ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ይመለከታል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው ስርቆትን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠቱን እደግፋለሁ፤ ለዓመታት የደከሙ ልጆች ውጤት በተሰረቀ ወረቀት እንዳይበላሽ አድርጓል። ነገር ግን በማታውቀው ግቢ፣ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር በዶርም አድራ የምትፈተን ልጄ የሚለካው ዕውቀቷ ሳይሆን እንቅልፍ ማጣቷ ይሆናል። በሐኪም ማስረጃ የተረጋገጠ ችግር ያለባቸው ተፈታኞች በየቀኑ ከቤታቸው እየተመላለሱ በአነስተኛ ክፍል፣ በቂ ጥበቃ ባለበት እንዲፈተኑ ቢፈቀድ የፈተናው ምሥጢራዊነት አይነካም፤ የእነዚህ ልጆች ቁጥር ጥቂት ስለሆነም አፈጻጸሙ አይከብድም። ልጄ ለዚያ ፈተና የምትቀርበው ከሦስት ዓመት በኋላ ስለሆነ ሚኒስቴሩ መመሪያውን ለማዘጋጀት በቂ ጊዜ አለው፤ ምላሹንም በዚሁ ጋዜጣ ላይ ለማንበብ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የአንዲት ተማሪ አባት፣ ከአዲስ አበባ