ያመሸ ሁሉ ሠርቷል ማለት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ስለ ሠራተኛ ምርታማነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ጥሩ ነገር አለው። ግን ታታሪ ሠራተኛ ማለት ሰዓት የማይቆጥር ነው የሚለው ክፍል ላይ ስደርስ ውስጤ ተረበሸ። ይሄን አስተሳሰብ እኔም ለዓመታት ይዤው ኖሬያለሁ። በእሱ ሰው መዝኛለሁ፣ በእሱ ሰው አጥቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ለስድስት ዓመት የቡድን መሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከቡድኔ ውስጥ አንዷ ሰዓቷ ሲደርስ ኮምፒውተሯን ዘግታ ትወጣለች። ልጅ አላት፣ ከትምህርት ቤት የምታመጣው እሷ ናት። ሌላው ልጅ ደግሞ ያመሻል። ብዙ ቀን የቢሮውን መብራት የሚያጠፋው እሱ ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ኢሜይል ይልክልኛል፣ እኔም ሳየው ደስ ይለኛል። ዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ሲመጣ ለእሱ ከፍ ያለ ነጥብ ሰጠሁት። ለእሷ ቁርጠኝነት ይጎድላታል ብዬ ጻፍኩ። በገዛ እጄ።

ከስምንት ወር በኋላ ለቀቀች። ሥራዋን ለሌሎች ስናከፋፍል ነው ምን እንዳጣን የገባን። ለሁለት ሰው አካፍለን እንኳ የወሩ ሒሳብ መዝጊያ ዘገየ። እሷ በሰዓቷ የምትወጣው ሥራዋን ስለምትጨርስ ነበር። ጠዋት እንደገባች ከባዱን ትጀምራለች፣ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ትተዋለች፣ ማታ እጨርሰዋለሁ የምትለው ነገር ስለሌላት ቀኑን አታባክነውም። የሚያመሸው ልጅ ሰነፍ አልነበረም፣ ይሄን ልመሰክርለት ይገባኛል። ግን ማምሸት እንደሚያስመሰግን ያስተማርነው እኛ ነን። እሱም የሚያስመሰግነውን ሠራ።

ይሄ የአንድ ቢሮ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ አላስቸግራችሁም ነበር። ነገሩ መቶ ዓመት ያለፈው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብሪታንያ ውስጥ የጥይትና የመድፍ ፋብሪካዎች ቀን ከሌሊት ይሠሩ ነበር። ጦሩ ጥይት አጥሮታል፣ ስለዚህ ሠራተኛው እሑድም ይገባል። ከመካከላቸው ብዙ ሴቶች ነበሩ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1915 የእነዚህን ሠራተኞች ጤና የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመ፤ አጥኚዎቹም ስንት ሰዓት ተሠራ፣ ስንት ተመረተ የሚለውን ጎን ለጎን መዘገቡ። ያ መዝገብ ተቀምጦ ቆይቶ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆን ፔንካቬል ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና አውጥቶ አሰላው። በሳምንት እስከ 49 ሰዓት ገደማ ድረስ ሰዓት ሲጨመር ምርቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ከዚያ በላይ ሲሆን እያንዳንዷ ተጨማሪ ሰዓት የምታስገኘው እያነሰ ይሄዳል። በሳምንት 70 ሰዓት የሠራና 56 ሰዓት የሠራ ሰው ያመረቱት እምብዛም አይለያይም። አስቡት እስቲ፣ 14 ሰዓት ማለት እኮ ወደ ሁለት የሥራ ቀን ነው። ሰውየው ቤቱ ሳይገባ፣ ሳይተኛ፣ ልጁን ሳያይ የቆመበት ሁለት ቀን ለፋብሪካውም ያስገኘው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ያለ ዕረፍት ቀን መሥራቱ ራሱ የሳምንቱን ምርት ይጎዳው እንደነበርም ያው መዝገብ ያሳያል።

ሄንሪ ፎርድም እ.ኤ.አ. በ1926 ፋብሪካዎቹን በሳምንት ወደ 5 ቀንና 40 ሰዓት ሲያወርድ ለሠራተኛ አዝኖ ብቻ አልነበረም። በአምስት ቀን ውስጥ የስድስቱን ያህል ይመረታል ብሎ አምኖ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ፋብሪካ ውስጥ የተመረተው ይቆጠራል። ቢሮ ውስጥ ግን ምኑ ይቆጠራል? የተጻፈው ሪፖርት ጥሩ ይሁን መጥፎ ለማወቅ ማንበብ ይጠይቃል፣ ማንበብ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ማን ወንበሩ ላይ እንዳለ ማየት ግን ቀላል ነው፣ ቀና ማለት ብቻ ነው። አለቃ የሚቀለውን ይለካል። ኤሪን ሪድ የተባለች ተመራማሪ አንድ ትልቅ የማማከር ድርጅት ውስጥ ያሉ ሠራተኞችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመችው ጽሑፍ ላይ፣ አለቆቹ በሳምንት እስከ 80 ሰዓት የሚሠራውን ሠራተኛና የሚሠራ የሚመስለውን መለየት አልቻሉም ነበር። ለማንም ሳይናገሩ ሰዓታቸውን የቀነሱት ሠራተኞች ጎበዝ ተብለው ተመሰገኑ። በግልጽ ሰዓት ይቀነስልኝ ብለው የጠየቁት ግን ተጎዱ። ሳነበው እኔ የሞላሁት የግምገማ ቅጽ ነው ትዝ ያለኝ።

አሁን ስለ ስህተት ላውራ፣ ምክንያቱም ትልቁ ኪሳራ እዚያ ነው።

አንድ የወር መዝጊያ ሌሊት እስከ 6 ሰዓት ድረስ ቁጭ ብለን ሒሳብ አስገባን። በነጋታው መዝገቡ አልታረቅ አለ፤ እኩል መምጣት ያለባቸው ሁለት ድምሮች ተለያዩ። ልዩነቱ 9,000 ነው። የሒሳብ ሰው የሆነ ያውቀዋል፣ ልዩነቱ ለ9 የሚካፈል ከሆነ ብዙ ጊዜ የሆነ ቦታ ሁለት አኃዝ ቦታ ተለዋውጧል ማለት ነው። 54,600 የነበረውን አንድ ሰው 45,600 ብሎ ጽፎታል። ያንን አንድ መስመር ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብን፣ አራት ሰው ሆነን። ያመሸንባት ሌሊት ለአለቆቻችን ታይታለች፣ ተመስግነንባታል። ሦስቱን ቀን ግን ከዚያ ሌሊት ጋር ያገናኘው ሰው የለም። ገቢው ብቻ ተጽፎ ወጪው ያልተመዘገበበት ደብተር በሉት። ማምሸትን የሚወድ መሥሪያ ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ደብተር ነው የሚይዘው።

የእኛ ስህተት ቁጥር ስለሆነ ይታረማል። ሐኪም ቤት ሲሆንስ? እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ በወጣ ጥናት፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ጀማሪ ሐኪሞች 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ በሚዘልቅ ፈረቃ ሲሠሩ የፈጸሙት ከባድ የሕክምና ስህተት፣ ፈረቃቸው ሲያጥር ከፈጸሙት በ36 በመቶ ይበልጥ ነበር። ሐኪሞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ትምህርቱም አንድ ዓይነት ነው። የተለወጠው ሰዓቱ ነው።

ደግሞ ሰው መድከሙን ራሱ አያውቀውም። ይሄ ነው በጣም የሚያስፈራኝ። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ሌላ ጥናት ሰዎች ለ14 ቀን በየሌሊቱ ለ6 ሰዓት ያህል ብቻ እንዲተኙ ተደረገ። በመጨረሻ ትኩረታቸው ሲፈተን እስከ ሁለት ሌሊት ጨርሶ ያልተኛ ሰው ያህል ወርዶ ተገኘ። እነሱን ስትጠይቋቸው ግን ትንሽ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል ከማለት አያልፉም። እና ለምጄዋለሁ፣ አይከብደኝም የሚለኝን ሠራተኛ ቃሉን እንዴት ልመን? ራሴንስ?

ያ የሚያመሸው ልጅ የት ደረሰ ትሉ ይሆናል። ሁለተኛው ዓመት ላይ መለወጥ ጀመረ። ጠዋት ሲገባ ፊቱ የለም። ድሮ በስብሰባ ላይ ሐሳብ የሚያመጣው ልጅ ምን ለውጥ ሊመጣ ማለት አበዛ። የሚሠራው ሥራ ተመልሶ መምጣት ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ የሚመጣ ዝለትን ሲተረጉም ሦስት ምልክት አስቀምጧል፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅና መሰላቸት፣ የሥራ ውጤት መውረድ። ሦስቱም ፊቴ ቁጭ ብለው ነበር። እኔ ግን ልጁ አመል አወጣ ነው ያልኩት።

ከዚህ የባሰም አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 አብረው ባወጡት ግምት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከመሥራት ጋር በተያያዘ እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ 745,000 ሰዎች በስትሮክና በልብ ሕመም ሞተዋል። ምርታማነት እያልን ስናወራ ይሄንንም አብረን እናውራ።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ በሰዓቱ ወጣ ማለት ዐረፈ ማለት ይመስለዋል። ስልክ ባይኖር እውነት ነበር። አንድ ዓርብ ማታ ለአንድ የቡድኔ ልጅ ሰኞ በጠዋት እፈልግሃለሁ ብዬ ቴሌግራም ላክሁበት። የአንድ ፋይል ጉዳይ ነበር፣ አምስት ደቂቃም አይፈጅም። ከወራት በኋላ ነው የነገረኝ፣ ቅዳሜና እሑድን ምን አጥፍቼ ይሆን ሲል እንቅልፍ እንዳልወሰደው። ሁለት ቀን ሙሉ ቤቱ ነበር፣ ግን አላረፈም። ሰኞ የመጣልኝም ያው ያላረፈው ሰው ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጪ ስለሚላክ መልእክት ከሠራተኞቻቸው ጋር እንዲደራደሩ በሕግ አስገድዳለች። ያኔ የሀብታም አገር ቅንጦት መስሎኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም።

ሥራ ሲበዛስ? ይበዛል፣ አውቃለሁ። የሒሳብ ዓመት ሲዘጋ እኛም እናመሻለን፣ ማንም አያጉረመርምም፣ መቼ እንደሚያበቃ ስለሚታወቅ። ችግሩ ሁልጊዜ የዓመት መዝጊያ ሲሆን ነው። ያ የሰው እጥረት ነው፣ ወይ የዕቅድ ጉድለት ነው፣ ሠራተኛውን ታታሪ ብሎ በመጥራት አይሸፈንም። ደመወዙ ስለማይበቃው ትርፍ ሰዓት ፍለጋ የሚያመሸውም ብዙ ነው። እሱን ሂድ ዕረፍ ማለት ምን ዋጋ አለው? የእሱ ጥያቄ ከደመወዙ ይጀምራል።

ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 61 ድርጅቶች ደመወዝ ሳይነኩ የሥራ ሰዓት ቀንሰው ለስድስት ወር ሞክረውታል፤ ብዙዎቹ በሳምንት አራት ቀን። ወደ 2,900 ሠራተኞች ገብተውበታል። ሙከራው ሲያበቃ 56ቱ በዚያው ቀጠሉ። ገቢያቸው አልወደቀም፣ ሥራ የሚለቀው ሰው ቁጥር ደግሞ በ57 በመቶ ቀነሰ። በፈቃዳቸው የገቡ ድርጅቶች ስለሆኑ ለሁሉም ይሠራል ብዬ አልከራከርም። እኔን የያዘኝ የመልቀቁ ጉዳይ ነው። አንድ የለመደ ሠራተኛ ሲሄድ ምን እንደሚከተል አይቼዋለሁ፦ ማስታወቂያ፣ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ ከዚያ አዲሱ ሰው እስኪለምድ ወራት፣ እስከዚያው ሥራው የሚጫነው የቀሩት ላይ ነው፣ ከቀሩት አንዱ ደግሞ ይሰለችና እሱም ይሄዳል።

እኛ ያደረግነው ትልቅ ነገር አይደለም። ከግምገማ ቅጹ ላይ ቁርጠኝነት የሚለውን መስመር አወጣነው። በምትኩ ምን ተጠናቀቀ፣ ምን ያህሉ ለእርማት ተመለሰ የሚል ገባ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ አይጻፍም፤ በእውነት አጣዳፊ ከሆነ ይደወላል። የሚገርመው፣ መደወል ግዴታ ሲሆን አጣዳፊ የሚባለው ነገር ራሱ ጠፋ። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ስብሰባ የለም። ዓመት ፈቃድ የወጣ ሰው ሥራውን የሚሸፍንለት ሰው ቀድሞ ይመደባል። ወር መዝጊያችን አልዘገየም፤ ተመልሶ የሚመጣብን ሰነድም ቀንሷል።

በሚቀጥለው ስለ ምርታማነት ስትጽፉ ሥራ አስኪያጆችን ብቻ አታናግሩ። ሰዓቷ ሲደርስ ቦርሳዋን አንስታ የምትወጣዋንም ፈልጋችሁ ጠይቁልን፣ ቀኗን እንዴት እንደምታውለው። እኔ ጠረጴዛዋ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ነበር፤ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ