ስለ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፦ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤት ዓርብ ይሰጣል፣ ከቤተ መጻሕፍት የተወሰዱ መጻሕፍት እስከዚያ ይመለሱ፣ የሁለተኛው ፎቅ ቧንቧም ተጠግኗል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ረቡዕ ነው።

እንደምታውቁት ዘንድሮ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ያሉትን የመጨረሻ ሁለት ክፍለ ጊዜያት «የሰላም ሰዓት» ብለን ይዘናል። ልጆቹ ያነባሉ፣ ባነበቡት ላይ ይወያያሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይሥላሉ። ይህ ከተጀመረ ወዲህ አንድ ወረርሽኝ ገብቶብናል። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ግማሽ ያህሉ ረቡዕ ረቡዕ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ጥርሱን ያመዋል፤ ሐሙስ ጠዋት ሁሉም ድኖ ይመጣል። የፈቃድ ወረቀቶቹን በአክብሮት ተቀብያለሁ። በአንዱ ላይ የወላጅ ፊርማ ከልጁ የእጅ ጽሑፍ ጋር መመሳሰሉንም በአክብሮት አልፌዋለሁ። ልጆቹ የሚሄዱት ግን ወደ ጥርስ ሐኪም ሳይሆን ወደ ሒሳብ አስጠኚ መሆኑን የነገሩን ራሳቸው ናቸው።

ስለዚህ በስልክም፣ በደብተር ጀርባም፣ በር ላይም የደረሱኝን ቅሬታዎች፣ ገና ያልደረሱኝንም ጨምሬ ልመልስ።

«ልጄን የላክሁት እንዲማር እንጂ እንዲዘፍን አይደለም።» መልካም። የሳምንቱ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አምና 6 ነበር፣ ዘንድሮም 6 ነው። በወላጆች ስብሰባ ተናግሬዋለሁ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ አሁን ለሦስተኛ ጊዜ እጽፈዋለሁ፦ 6 ነው።

«የዓለም ሰላም በ7ኛ ክፍል ተማሪ ስዕል ሊመጣ ነው?» ብለው የሳቁ አባት ነበሩ። አይመጣም። ይመጣል ያለም የለም። ሐሳቡ ግን የእኔ የሥራ መፍታት ውጤት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1945 ለንደን ላይ የጸደቀው የዩኔስኮ መመሥረቻ ሰነድ መግቢያው ላይ፣ ጦርነት የሚጀምረው በሰው አእምሮ ውስጥ ስለሆነ የሰላም ምሽግም እዚያው መገንባት አለበት ይላል። የጻፉት ሰዎች ከዓለም ጦርነት ገና መውጣታቸው ነበር፤ ሕልመኞች ለማለት ያስቸግራል።

በዚያው ዓመት ዬላ ሌፕማን የምትባል አይሁዳዊት ጋዜጠኛ፣ ከናዚዎች ሸሽታ ወደወጣችበት ጀርመን የአሜሪካ ጦር የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ አማካሪ ሆና ተመለሰች። ሕፃናቱ በፍርስራሽ መካከል ነበሩ። እሷ ለየአገሩ እየጻፈች የልጆች መጻሕፍት ለመነች፤ ያውም ትናንት ጀርመን የወረረቻቸውን አገሮች ጭምር። ቤልጂየም «ጀርመኖች ሁለት ጊዜ ወረውናል» ብላ እምቢ አለች። ሌፕማን ደግማ ጻፈች፤ እነዚህ ልጆች ሌላውን ሳያውቁ ካደጉ ሦስተኛው ወረራ እንዳይመጣ ምን ዋስትና አላችሁ የሚል ነበር መንፈሱ። መጻሕፍቱ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1946 ሙኒክ ላይ ዐውደ ርእይ ተከፈተ፣ በ1949 ዓለም አቀፍ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ሆነ፣ ዛሬም አለ። ያኔም «አሁን የመጽሐፍ ጊዜ ነው ወይ?» ያለ ሰው እንዳልጠፋ እገምታለሁ። ምናልባት እሱም አስጠኚ ቀጥሮ ይሆናል።

ይቅርታ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳላነበባችሁ ቁጠሩልኝ።

እንቅልፍ የነሣኝ ቅሬታ አንድ ብቻ ነው። አንዲት እናት «ሙዚቃና ንግግርማ ጦርነትም ያስነሣሉ» ብለው ጻፉልኝ። እውነታቸውን ነው። ሩዋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 ሥራ የጀመረው ኤርቴኤልኤም የተባለው ሬዲዮ ወጣቱ የሚወዳቸውን ዘፈኖች እያሰማ በመሐል ጥላቻ ይዘራ ነበር፤ በ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ ወቅት የሚገደሉ ሰዎችን ስምና መገኛ እስከ መናገር ደረሰ። ዘፈን በራሱ ሰላም ቢሆን ኖሮ ያ ሬዲዮ ሰላም ያመጣ ነበር። እኛ ልጆቹን እያስዘመርን የምንጠይቃቸውም ይህንኑ ነው፦ ይህ ዜማ ወዴት ነው የሚጠራህ? ማንንስ ነው ውጭ የሚያስቀር? ልጁ ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ካልተለማመደ ስልኩ ላይ ብቻውን ይገጥመዋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 እስራኤላዊው የኦርኬስትራ መሪ ዳንኤል ባረንቦይምና ፍልስጤማዊው ምሁር ኤድዋርድ ሰኢድ የእስራኤልና የዐረብ ወጣት ሙዚቀኞችን በጀርመኗ ከተማ ቫይማር በአንድ ኦርኬስትራ አስቀመጡ። ኦርኬስትራው ጦርነት አላስቆመም፤ ይህን እናንተ ሳትሉኝ እኔው ልበለው። ነገር ግን አጠገቡ ያለውን የማይሰማ ሙዚቀኛ ወዲያው ይታወቅበታል፤ ዜማው ይበላሻል። እንዲህ ዓይነት ፈጣን እርማት የሚሰጥ ሌላ ትምህርት ካለ ጠቁሙኝ፣ ፕሮግራም ውስጥ አስገባዋለሁ።

ውይይቱን «ወሬ» ብላችሁታል። እስቲ ወሬውን ልንገራችሁ። ባለፈው ወር የ7ኛ ክፍል ልጆች በቴሌግራም ግሩፕ ተሰዳድበው ለሁለት ተከፈሉ። ቀጣን፣ አልበረደም። ረቡዕ በክብ ተቀመጡና አንድ ደንብ ተሰጣቸው፦ ከመመለስህ በፊት ሌላው ያለውን በራስህ ቃል ድገም፤ ተናጋሪው «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ተራ የለህም። ደንቡ የሥነ ልቦና ባለሙያው የካርል ሮጀርስ ነው። እኔም ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አንዱ ልጅ አራት ጊዜ ደገመ፣ አራት ጊዜ «አላልኩም» ተባለ። በአምስተኛው «አዎ» ሲባል የሚመልሰው ጠፍቶት ዝም አለ። አልታረቁም። ነገር ግን ስድቡ ቆሟል፤ ቅጣታችን ያላስቆመው ስድብ። በማግስቱ ደንቡን በመምህራን ስብሰባ ላይ ሞከርኩት። እኔ ሦስተኛው ላይ ተቆጥቼ ተውኩት።

«ፖለቲካ ልታስተምሯቸው ነው» ለምትሉ፦ የምናነበው ዝርዝር ቢሮዬ በር ላይ ተለጥፏል። እስካሁን ቆሞ ያነበበው አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ ወዶታል።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ረቡዕ ከስምንት ሰዓት በኋላ የሚያም ጥርስ የሐኪም ማስረጃ ያስፈልገዋል። ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

አሁን ደብዳቤውን መልሼ ሳነበው ግን ቃላችሁን በትክክል መድገሜን እጠራጠራለሁ፤ ግማሹን ጥያቄ ራሴ ጠይቄ ራሴ መለስኩ፤ በልጆቹ ደንብ ቢሆን ተራዬን ተነጥቄያለሁ። ስለዚህ ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ኑ። ክቡ ውስጥ ወንበር እናስቀምጣለን። ቅሬታችሁን ተናገሩ፣ እኔ እደግመዋለሁ፣ «አዎ» እስክትሉኝ ድረስ አልመልስም። ከዚያ በኋላም ልጃችሁ እንዲቀር ከፈለጋችሁ እውነተኛውን ምክንያት ጽፋችሁ ፈርሙ፤ እፈቅዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ

ማሳሰቢያ፦ ከበሮዎቹ ወደ ቤት አይሄዱም። ባለፈው ሳምንት አንዱ የሄደው በስህተት ነው፤ ጎረቤቶቻችሁን ይቅርታ በሉልን፣ ከበሮውንም መልሱልን።