«ዳይፐር ሲያቆም አምጪው»

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት። መጋቢት 24 የኦቲዝም ቀን በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥን ላይ የሚቀርበው ልጅ ወይ ሥዕል ይሥላል ወይ ኪቦርድ ይጫወታል። እሰየው፣ ደስ ይለኛል። የኔ ልጅ ግን አይናገርም። ሽንት ቤት ብቻውን አይሄድም። በር ክፍት ካገኘ ቀጥታ ወደ አስፋልት ነው የሚሮጠው። እንደሱ ያሉ ልጆች ሰፈራችን ውስጥ አሉ፣ በር ተዘግቶባቸው ስለሚውሉ ነው የማታዩዋቸው።

አቅራቢያችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል አለው። መምህሯን አልወቅስም፣ ጎበዝ ናት፣ ግን መስማት የተሳነውም፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትም፣ ኦቲዝም ያለበትም ሁሉም በሷ ላይ ነው። ስለዚህ ቁጭ የሚል ልጅ ይማራል። ለኔ የተሰጠኝ መልስ «ዳይፐር ሲያቆም አምጪው» ነበር። ቀጥሎ ደግሞ «አንቺ አብረሽው ዋዪ»። እሺ ልዋል፣ እንጀራውን ማን ያመጣል? እንደምንም ከተመዘገበ በኋላም ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ስልክ ይደወላል፣ «ዛሬ አስቸግሯል፣ ነይ ውሰጂው»። ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎች የሚያበላው ምሳ እንኳን ያመልጠዋል። መዝገቡ ላይ ግን ተማሪ ነው፤ ሪፖርት ሲላክ አካቶ ትምህርት (ከሌሎች ልጆች ጋር አብሮ የመማር ዕድል) ያገኘ ተብሎ ይቆጠራል።

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የአሜሪካኖቹ የምርመራ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦቲዝምን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል፤ መለኪያው ልጁ የሚፈልገው የድጋፍ መጠን ነው። እኛ ጋ ተገላቢጦሽ ነው። ብዙ ድጋፍ የሚፈልገው ቤቱ ይቀመጣል።

«ማዕከል ውሰጂው» የሚሉኝም አሉ። ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ያቋቋመችው በራሷ ልጅ ምክንያት ነው፣ እግዜር ይስጣት፣ ግን አንድ ሁለት ማዕከል ይህን ሁሉ ልጅ ከየት ያደርሰዋል? ደግሞ ከአራብሳ ተነስቶ፣ በጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ጩኸት የማይችል ልጅ ይዞ፣ «ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው?» የሚል ተሳፋሪ እየሰሙ መመላለስ! በየቀኑ ራይድ ልጥራ ብል ደሞዜ ሳምንት አይቆይም።

አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 እያንዳንዱ ተማሪ በሚያስፈልገው ልክ ሁኔታዎች እንዲመቻቹለት ያዛል። ዳይፐር ካቆመ አይልም።

ከውጭ ቴራፒስት ይምጣልን አላልንም። የሚዘጋ የግቢ በር፣ ውሃ ያለው ሽንት ቤት፣ ጩኸት ሲበዛበት የሚያርፍባት ትንሽ ክፍል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለመምህሯ ረዳት። ረዳቷ ዲግሪ ባይኖራትም ግድ የለም፤ ልጅ ማሳደግ የሚችሉ ሥራ ፈላጊ ሴቶች ሰፈራችን ሞልተዋል፣ ሥልጠና ሰጥቶ መቅጠር ነው። የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ሳይጀመር ይንገረን፦ ረዳት ይቀጠራል ወይስ አይቀጠርም?

አንዲት እናት፣ ከቦሌ አራብሳ